ከማል ከኪየቭ የመጣ ዕለት

ከደሴ የወጣሁ ለት ሌሊት ቤታችን ውስጥ የተኛ ሰው አልነበረም። ከሐዘን የተነሣ እንዳይመስላችሁ፤ መተኛ ቦታ ጠፍቶ ነው። ሊሰናበተኝ የመጣው ዘመድና ጎረቤት ጨዋታ ይዞት ሰዓት እላፊ ደረሰና፣ ወጥቶ መሄድ ስለማይቻል ሁሉም እኛው ቤት ቀረ። አክስቴ ከቢስቲማ መጥታ መደቡን ይዛለች፤ ጎረቤቶቻችን ግድግዳ ተደግፈው ያንቀላፋሉ፤ ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ሻንጣዬን ተንተርሶ ተጋድሟል። እናቴ ብቻ አንዴ ጓዳ አንዴ ሳሎን ትመላለሳለች። ሰይድን እየቀሰቀሰች ሻንጣውን ትከፍታለች፣ አንድ ነገር ትጨምራለች፣ ትዘጋለች።

«እማዬ፣ ከዚህ በላይ እኮ አይዘጋም።»

«ሹራቧ ብቻ ናት። ከሥር ነው የምትለብሻት፤ ክርኗ ላይ ተጥፋለች።»

አባቴ እንድሪስ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ኮምቦልቻና አሰብ መሃል ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ኮምቦልቻ አንድ የሙያ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምር ነበር። ይህን መንገድ ያመጣብኝ አባቴ ነው ብል አልዋሸሁም። ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ወደ ኮምቦልቻ ይዞኝ ሲወርድ፣ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ትሬንታ ኳትሮ የሚሉት የጣሊያን ከባድ መኪናው የኋላ ጎማ ማዞሪያ ብረት ለሁለት ተሰበረ። መኪናው ወደ ተራራው ዳር ተደግፎ ባይቆም ኖሮ ይህን የምጽፍላችሁ እኔ አልሆንም። አባቴ ከመፍራት ይልቅ ተናደደ። «ይሄን ሁሉ ዘመን ጭነት ተሸክሞ ያልተሰበረ፣ ዛሬ ባዶውን?» እያለ ብረቱን በእግሩ ገፋው። ጥያቄው ከእሱ ወጥቶ እኔ ውስጥ ቀረ። ከሶቪየት ኅብረት የነፃ ትምህርት ዕድል መጣ ሲባል፣ ሌላው ሕክምናና ሕግ ሲሻማ፣ የብረት ጥናት የሚለው ላይ ብቻዬን ተመዘገብኩ።

ቀበሌ የድጋፍ ወረቀት ልናወጣ ስንሄድ ሊቀመንበሩ ከእግር እስከ ራሴ አየኝ።

«ምን ልትማሪ ነው?»

«ብረት።»

«ብረት ምኑን?»

«ለምን እንደሚሰበር።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ብረት ለምን እንደሚሰበር ለማወቅ ነው ሩሲያ ድረስ? እዚሁ ቀበሌ ስንት የተሰበረ አለልሽ! አያ እንድሪስ፣ ለምን አይድሯትም?»

«የምታገባው ሰው ሲሰበርባት እንድትጠግነው ብዬ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለ አባቴ፣ ፊቱ ሳይፈታ። ሊቀመንበሩ ሳቀና ማኅተሙን መታ።

ሲነጋጋ አውቶቡስ ተሳፈርን። አባቴ መኪናው ኮምቦልቻ ስለነበረች እስከዚያ አብሮኝ ወረደ። ጭጋጉ ሐረጎን ሸፍኖት መንገዱ አይታይም፤ እሱ ግን በየመታጠፊያው ቀድሞ ወደ ጎን ይደገፋል። ኮምቦልቻ ስንደርስ፣ ግንባሬን ሳመኝና ወረደ። ከዚያ አውቶቡሱን በመዳፉ ደብደብ አድርጎ «ሳበው!» ብሎ ለሾፌሩ ጮኸ፣ ጭነት እንደሚሸኝ። እሱ ወደ ባቲ ወደሚወስደው መንገድ፣ እኔ ወደ አዲስ አበባ። በዓይኔ ያየሁት ያን ጊዜ ለመጨረሻ ነው።

ዛፖሮዥዬ የሚባል ከተማ ደረሰኝ። በደቡብ ዩክሬን፣ ትልቅ ወንዝ ዳር ያለ የብረት ማቅለጫ ከተማ ነው። ሰማዩ ከፋብሪካው ጭስ ብርቱካንማ ይሆናል። እንደኔ የተላኩት ኢትዮጵያውያን አንዳንዱ ኪየቭ፣ አንዳንዱ ሞስኮ፣ አንዳንዱ ኦዴሳ ቀሩ፤ ወደዚያ የመጣሁት ኢትዮጵያዊት እኔ ብቻ ነበርኩ። ብርዱን አትጠይቁኝ። የደሴ ልጅ ነኝ ብዬ ስመካ ነበር፤ የደሴ ብርድ ለካ ጨዋ ነው፣ ጋቢ ሲያይ ይመለሳል። የዚያ አገሩ በአፍንጫ ገብቶ ጥርስ ያማል። ዳቧቸው ጥቁርና ኮምጣጣ ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ ስበላው የቆየ እንጀራ ይመስለኝ ነበር። ኬፊር የሚሉት ደግሞ እርጎ ነው፤ ግን የእናቴ ቤት እርጎ የጭስ ሽታ አለው፣ የነሱ የመስታወት።

የማደሪያችን ኃላፊ ጋሊና ፔትሮቭና ትባላለች፤ ኮመንዳንት ይሏታል። ወፍራም፣ ቁልፍ በአንገቷ የምታንጠለጥል ሴትዮ። አንድ ቀን እናቴ የላከችልኝን በርበሬ ዘይት ላይ ሳቁላላ መላው ፎቅ እያሳለ ወጣ።

«ምንድን ነው የምታቃጥይው?» አለችኝ ከበሩ።

«እራቴን ነው።»

«ምግብ ነው? ሰው ይበላዋል?»

«እኛ እንበላዋለን።»

«እና በሕይወት አላችሁ?»

«አለሁ፣ ይኸው።»

አንገቷን ነቀነቀችና መስኮቱን ራሷ ከፈተችው። «ከእንግዲህ በበረዶ ጊዜ ብቻ፣ መስኮት ከፍተሽ» ብላ ሄደች። ከልክላኝ ይሁን ፈቅዳልኝ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

የትምህርት ክፍሉን ካፌድራ ይሉታል። የእኛ ካፌድራ ከምድር በታች ነበር፣ የድሮ ሕንፃ ሥር። ፕሮፌሰሬ ቪክቶር ሴምዮኖቪች በጦርነት አንድ ጆሮው የተጎዳ፣ ሲያናግራችሁ ደህናውን ጆሮ ለማቅረብ ጎኑን የሚሰጥ ሽማግሌ ነው። ታማራ የምትባል የቤተ ሙከራ ሠራተኛ አለች፤ ሃን የምትባል እንደኔ ብቸኛ የቬትናም ልጅ አለች። እኔ የተሰጠኝ ሥራ የብረት ድካም ነው። ድካም የምለው እኔ አይደለሁም፣ እነሱም በቋንቋቸው ድካም ነው የሚሉት፤ ኡስታሎስት። አንድ ብረት ከአቅሙ በታች ሸክም እየተመላለሰበት ቆይቶ፣ አንድ ቀን ያለ ምክንያት የሚመስል ስብራት ይሰበራል። የአባቴ ጥያቄ ስም እንዳለው ያን ጊዜ አወቅሁ። ስብራቱን አጥቤ በማይክሮስኮፕ ሳየው፣ የሐይቅ ውሃ ሲሸሽ ዳሩ ላይ እንደሚተወው ያለ መስመር በመስመር ነው። ስንጥቁ ቀስ እያለ የገባበት መንገድ ነው ያ።

ሥራው ግን ሰው የለበትም። የሙከራው ማሽን የብረት ናሙናዋን ጨብጦ ወዲያና ወዲህ እያጎበጠ ለሳምንታት ይሠራል፤ ከቆመ ሁሉም ከመጀመሪያው ነው። እኔ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ድምፁ ከፍተኛ ስለሆነ ማንም እዚያ ክፍል አይቆይም። መጀመሪያ መጽሐፍ አነባለሁ፣ ኋላ ማንበቡም ይሰለቻል። አንድ ቀን ታማራ ገብታ «ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» ስትለኝ ነው ባማርኛ ማውራቴን ያወቅሁት። ከሰይድ ጋር እየተጣላሁ ነበር፣ ሻንጣዬ ላይ ተኝቷል ብዬ።

ረመዷን መግባቱን የሚነግረኝ አልነበረም፤ በግምት ጀመርኩ። በጋቸው ላይ ዋለ። ፀሐይዋ እንቢ አለች፣ አትጠልቅም። ካፌድራው ሻይ ሲጠጣ እኔ ወደ ማሽኑ እሸሻለሁ፤ ታማራ የታመምኩ መስሏት ቴርሞሜትር ይዛ መጣች። አገር ቤት መግሪብ ሲል ሰፈሩ ሁሉ አብሮ ነው ጾሙን የሚፈታው። እኔ መስኮት ላይ ቆሜ የማላውቀው ሰፈር ጣሪያ ላይ የቀረውን ብርሃን እየጠበቅሁ፣ ቴምር ስላጣሁ በደረቀ ፕሪም አፈጠርኩ። ማልቀስ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ስልክ ለመደወል ፖስታ ቤት ሄዶ ቀን ማስያዝ ያስፈልጋል። እኛ ቤት ስልክ ስለሌለ ደሴ ፒያሳ ጨርቅ የሚሸጡት ሐጂ ያሲን ሱቅ ነው የሚደወለው፤ እናቴ ከጠዋት ጀምራ እዚያ ትቀመጣለች። በመጨረሻው ዓመቴ፣ ዛሽቺታ የሚባለው የምርምሬ ማብራሪያ ጥቂት ወራት ሲቀረው ደወልኩ።

«አባዬስ? ስጠኚኝ እስቲ።»

«አሰብ ወርዷል።»

«ባለፈውም አሰብ ነበር እኮ።»

«እንግዲህ ሥራው ነው፣ ምን ላድርገው?»

«ደህና ነው ግን?»

«አልሐምዱሊላህ። አንቺ ብቻ ትምህርትሽን።» ከኋላዋ ሐጂ ያሲን ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ይሰማኛል። መስመሩ ተቆረጠ። ደስ ሳይለኝ ወጣሁ፤ ግን አሰብ ነው ከተባለ አሰብ ነው አልኩ። ልጅነቴን ሙሉ አባቴ የት ነው ስል የሰማሁት መልስ አሰብ ነው።

ከማል የደሴ ልጅ ነው፣ በእናቴ በኩል ይዛመደኛል። ኪየቭ ሕክምና ይማር ነበር፣ በዓመት አንዴ ብንገናኝ ነው። አንድ ማለዳ ማሽኑ አጠገብ ተቀምጬ ሳለ በሩ ተከፈተና ቪክቶር ሴምዮኖቪች ገባ። ከኋላው ታማራ፣ ሃን፣ የካፌድራው መምህራን ሁሉ፣ እንዲያውም ጋሊና ፔትሮቭና ቁልፏን እንዳንጠለጠለች። ሊያናግረኝ አፉን ከፈተ፤ ጫጫታው ዋጠው። ዞር አለና ማሽኑን አጠፋው።

«ምን አደረግህ?» ብዬ ጮህኩ፣ ፕሮፌሰሬን አንተ ብዬ። «አምስት ሳምንት የሠራ ነው!»

ፀጥ ባለው ክፍል ሰዎቹ ገለል ገለል ሲሉ፣ ከኋላ ከማል ካፖርቱ ላይ ነጠላ ጣል አድርጎ ቆሟል። ያን ጊዜ ማሽኑን ረሳሁት። ያገሬ ሰው ከሌላ ከተማ፣ በማለዳ፣ ሰው አስከትሎ ከመጣ ለምን እንደሚመጣ ማንም ወሎዬ ያውቃል።

«ማን ነው?» አልኩት።

«ዘሃራዬ…»

«ማን ነው አልኩህ!»

«አያ እንድሪስ» አለ። «አላህ ይዘንላቸው።»

እንዳገሬ አለቀስኩ። ደረቴን እየመታሁ፣ አባቴን በስሙ እየጠራሁ፣ የአሰብን መንገድ፣ ሐረጎን፣ ባቲን እየጠራሁ። ከምድር በታች ስለሆነ ድምፄ ኮሪደሩን ሞልቶ ይመለስብኛል። መምህራኑ ግራ ገባቸው። አንዱ ውኃ ሊያጠጣኝ፣ አንዱ መስኮት ሊከፍት፣ አንዷ ሐኪም ልጥራ ስትል ከማል «ተዉአት፣ ታልቅስ» አላቸው። ከዚያ ያላሰብኩት ሆነ። ቪክቶር ሴምዮኖቪች ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና፣ ደህናውን ጆሮውን ወደኔ አድርጎ፣ ከማል ያስጠናቸውን የማጽናኛ ቃል «ያስ-ናሽ» አለኝ። ታማራም «ያስናሽ»። ሃንም። በየተራ፣ ተሰልፈው፣ ትምህርት እንደሚመልስ ተማሪ። እያለቀስኩ ሳቅ መጣብኝ፤ ሳቁ ደግሞ መልሶ አስለቀሰኝ።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ በኋላ ታማራ ነገረችኝ። ከደሴ የመጣ ሰው ለከማል በቃል ነግሮት ኖሯል፤ አባቴ ኮምቦልቻ ሆዴን አለ፣ ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ። ቤተሰቦቼ ደግሞ «እስክትመረቅ እንዳትሰማ» ብለው አደራ ልከዋል። ከማል የመጣው ዛሽቺታዬ መቼ እንደሆነ ፕሮፌሰሬን ጠይቆ፣ ቀኑን ጠብቆ ሊነግረኝ ነበር። ፕሮፌሰሩ ግን እንቢ አለ።

«እኔ አውቄ እሷ ሳታውቅ፣ ፊቴ ቆማ ስለ ብረት ስታስረዳኝ መስማት አልችልም» አለው። «የእናቴን ሞት የሰማሁት ከግንባር ስመለስ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሲያውቅ እኔ ስጦታ ይዤላት ገባሁ። እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም።»

ከማል ብዙ ተከራክሮ ሲያቅተው «እንግዲያው በደንባችን ይሁን፤ ብቻዋን አይነገራትም፣ ሰው መሰብሰብ አለበት» አለ።

«ስንት ሰው?»

«የተገኘውን ያህል።»

ቪክቶር ሴምዮኖቪችም ለካፌድራው በሙሉ አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። መምህራኑ የፓርቲ ጉዳይ መስሏቸው ደብተርና እስክሪብቶ ይዘው ነበር የመጡት።

ያን ቀን ማደሪያዬ ድረስ አብረውኝ መጡ። ጋሊና ፔትሮቭና ከመመገቢያ አዳራሹ ወንበር አስመጥታ ክፍሌን ሞላችው። ታማራ በማርና በዘቢብ የተቀቀለ ስንዴ አመጣች፤ እነሱም ለሙታቸው የሚያበስሉት እንደሆነ ነገረችኝና ከማልም እኔም ገረመን፣ ንፍሮ ነው እኮ። ሃን እግሬ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከማል ዱዓ ሲያደርግ እጃችንን ስንዘረጋ አይተው እነሱም ዘረጉ።

ግን አገር ቤት አልነበረም። በማግሥቱ ሁለት ሦስት ሰው ብቅ ብሎ ሄደ፤ ሰው ሥራ አለው። ከማል ፈተና ስለነበረበት በባቡር ተመለሰ። ሦስተኛው ቀን እሑድ ነው፣ ማንም አልመጣም። ባዶ ወንበሮቹ መሃል ተቀመጥኩ። ሲመሽ በሩ ተንኳኳ። ሰው መጣ ብዬ ብድግ አልኩ።

«ዘሃራ፣ ወንበሮቹ» አለች ጋሊና ፔትሮቭና አፍራ። «የመመገቢያው ናቸው፣ ነገ ይጠየቁኛል።»

«ይውሰዷቸው።»

አንድ በአንድ አወጣናቸው። የመጨረሻውን እሷ ራሷ አስቀረችልኝ። «ይህ ተሰብሯል ብዬ አመለክታለሁ» አለች።

ዛሽቺታዬን በተባለው ቀን አቀረብኩ። የቆመው ሙከራ ባይጠናቀቅም ቀድሞ የነበረው በቃ። ጥያቄ ሲጠይቁኝ መለስኩ፤ ምን እንደመለስኩ አላስታውስም። ቪክቶር ሴምዮኖቪች ጨብጦኝ ሲያበቃ ወደ ቢሮው ጠራኝ።

«አስፒራንቱራ ቦታ አለኝ። ሦስት ዓመት ተጨማሪ። ወረቀቱን እኔ እጨርሳለሁ። አስቢበት።»

አስፒራንቱራ የሚሉት የዶክትሬት ትምህርታቸውን ነው። የማስበው አልነበረኝም። አገሬ መግባት ነው የምፈልገው። የአባቴ ሙት ዓመት ሳይደርስ፣ ቀብሩ ላይ ቆሜ ፋቲሃ ልቀራለት። ግን ለእሱ «አልቆይም» ማለት አልወጣልኝ አለ፤ እናቴ «ነይ» ብትለኝ ብቻ ነበር የምፈልገው። ስልክ አስያዝኩ።

ፖስታ ቤቱ ሞልቷል። ስሜ ተጠርቶ የመስታወቷ ሳጥን ውስጥ ገባሁና የእናቴን ድምፅ ስሰማ ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ ማልቀስ ብቻ ሆነ።

«ለምን ደበቃችሁኝ እማዬ?»

«ብቻሽን ስለሆንሽ ነዋ። ብቻዋን ብትሰማ ምን ትሆናለች ብዬ ነዋ!» ትንፋሿ ይቆራረጣል። «ማን ነበር አብሮሽ? ከማል ሰው ሰብስቤ ነገርኳት አለ። እውነት ነው? ሰው ነበረሽ?»

«ነበረኝ።»

«እነማን?»

ነገርኳት። አስተማሪዬ ሽማግሌው፣ ታማራ፣ የቬትናሟ ልጅ፣ የማደሪያው ኃላፊ። ቤቴን ሞሉት አልኳት። ንፍሮ ቀቀሉ፣ ለዱዓ እጃቸውን ዘረጉ። እንዳይከፋት ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ከቤቴ አልጠፉም አልኩ። እየሰማች «አላህ ውለታቸውን ይክፈል፣ አላህ ውለታቸውን ይክፈል» ትላለች። ስማቸውን አስደገመችኝ፣ ዱዓ ልታደርግላቸው። «ቢክቶር ማነው?»

«ሰይድስ?» አልኳት።

ስልክ ላይ የማይወራ ወሬ እንዳለ ያን ጊዜ ሁላችንም እናውቅ ነበር። በዕድሜው ያሉ ልጆች ለብሔራዊ ውትድርና እየታፈሱ ነው። «አክስትሽ ጋ ነው፤ የቢስቲማ አየር ተስማምቶታል» አለች። ቀስ ብላም ጨመረች፣ «የደሴ አየር ለወጣት አይሆንም ዘንድሮ።»

«እማዬ፣ ትምህርት ጨምሪ ብለውኛል። እኔ ግን…»

«ተቀመጪ።»

«እማዬ፣ ስሚኝ…»

«አይ፣ ተቀመጪ የኔ ልጅ። እኔማ ማንም የላትም ብዬ ነበር ሌት ተቀን የምቃጠለው። ይኸው ሰው አለሽ። አብሮሽ የሚያለቅስ ሰው ካገኘሽ አገር ነው፣ ሌላ ምን ይፈለጋል? ወላሂ ዛሬ ልቤ አረፈ።»

የለኝም ልላት ነበር። ወንበሮቹን ወስደዋል፣ እሑድ ማንም አልመጣም፣ ክፍሌ ውስጥ ዘሃራ ብሎ የሚጠራኝ የለም ልላት ነበር። አፌን ስከፍት ሐጂ ያሲን «ልጄ፣ በርቺ፣ አኩርተሽናል» ሲሉ ተሰማኝ፤ ስልኩን ተቀብለዋት ኖሯል። ቀጥሎ የስልክ ማዕከሉ ሴት ጣልቃ ገባች።

«ጊዜዎ አልቋል። ያራዝማሉ?»

መስመሩ ተዘጋ። ወረፋ የያዘ ሰውዬ መስታወቱን በጣቱ ቆረቆረ። መነጋገሪያውን ሰቀልኩና ወጣሁለት፤ ትራሙ እስኪመጣ ፌርማታው ላይ ከማያውቁኝ ሰዎች ጋር ቆምኩ።